የኦንላይን ትምህርት ማስፈጸሚያ (የፌዝ) አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው ፎርዋርድ አድርግ!

በ1990ዎቹ መገባደጃ በሳተላይት የገባልን የፕላዝማ ቴሌቪዥን መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ እኛ እስክሪብቶ ሳናነሳ መልሱን ራሱ ነግሮን ይነጉድ ስለነበር፤ በመጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ደግሞ ቴሌግራም በፋይል ናዳ ስላጥለቀለቀን፤ ይህ ጥድፊያ ሳይበረዝ ለትውልድ እንዲተላለፍ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

"ማስተማር" ማለት ፒዲኤፍ መልቀቅ ነው። "መማር" ማለት ፒዲኤፉን ዳውንሎድ ማድረግ ነው፤ መክፈት ግዴታ አይደለም። "ክፍል መገኘት" ማለት ስም በዙም ስክሪን ላይ መታየቱ ሲሆን፣ የስሙ ባለቤት እንቅልፍ ላይ ቢሆንም እንደቀረ አይቆጠርም።

አንቀጽ 2፦ ስለ ዙም

ነጻው የዙም ስብሰባ በ40 ደቂቃ ስለሚቆረጥ፣ 35ቱ ደቂቃ "ይሰማል? ኧረ ማይክ አጥፉ!" ለሚለው ይመደባል። የተረፈው ለስም ጥሪ ነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ ወላጆች

አንድ ስልክና ሦስት ተማሪ ያለበት ቤት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አለው ይባላል። ቤተ መጻሕፍቱ ጠዋት በአባወራው ኪስ ሥራ ወጥቶ፣ ማታ በ4 ፐርሰንት ባትሪ ይመለሳል።

አንቀጽ 4፦ የተከለከለ ተግባር

አንድ የሒሳብ መምህር እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ይህ ሰው እንደ ባልደረቦቹ 60 ገጽ ፎቶ አንስቶ፣ ግማሹን ዘቅዝቆ መላክ ሲችል፣ ማታ በቴሌግራም አንዲት የምርጫ ጥያቄ ብቻ ይልካል፦ ነጌቲቭ 3 በነጌቲቭ 3 ሲባዛ ስንት ነው? ጠዋት ሲቆጥር ብዙዎቹ ነጌቲቭ 9 ማለታቸውን ያያል። ከዚያማ ጠመኔውን አንስቶ እዚያችው የተሰናከሉበት ላይ ያስተምራል! ስልክ የሌላቸው በብጣሽ ወረቀት እንዲመልሱ ይፈቅዳል። ይባስ ብሎ፣ አሁንም ላልገባው ልጅ የ2 ደቂቃ ድምፅ ቀድቶ ይልካል። አፕሊኬሽን የሚጫነው በሪፖርት ላይ እንዲጻፍ እንጂ ልጅ እንዲገባው ስላልሆነ፣ መምህሩ ከቴሌግራም ግሩፑ ተሰናብቷል። ተማሪዎቹ እየጠየቁ መምጣታቸው ስለተደረሰበት ምርመራው ቀጥሏል።

አንቀጽ 5፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

አዋጁ መብራትና ኔትወርክ በአንድነት ከተገኙበት ቀን ጀምሮ ይጸናል። ሙሉ ቃሉ ባለ 214 ገጽ ፒዲኤፍ ሆኖ በግሩፑ ተለቋል። አድሚኑ አስተያየት መስጫውን ዘግቷል።