ጎልፍ በማሽላ መሀል

የጎልፍ ሕግ ያላሰበው ነገር የለም። ኡጋንዳ፣ ጂንጃ ያለው ሜዳ፣ ኳስህ ጉማሬ የረገጠበት ጉድጓድ ውስጥ ብትገባ ያለ ቅጣት አንስተህ ሌላ ቦታ ጣላት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመኖች እንግሊዝን በቦምብ ሲደበድቡ፣ ለንደን አጠገብ ያለው የሪችመንድ ክለብ ጊዜያዊ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ልትመታ ስትል ቦምብ ፈንድቶ ቢያስትህ ሌላ ኳስ መምታት ትችላለህ፣ አንድ ምት ግን ይቆጠርብሃል። ጥፋቱ የሂትለር፣ ቅጣቱ ያንተ! ይህን ሁሉ ያሰቡ ሰዎች ደጋንን ግን አላሰቧትም።

ደጋን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። ጥቅምት ላይ በዙሪያዋ ያለው ማሽላ ከሰው ቁመት አልፎ ይቆማል። ሕፃናት ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ እያጮሁ ወፍ ያባርራሉ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ እናቱን ሊጠይቅ የመጣው በዚህ ወቅት ነው። ከሻንጣዎቹ ጋር አንድ ረጅም ቦርሳ ነበረው። ዘመድ አዝማድ ስጦታውን ሊያይ ከቦ ተቀመጠ፤ ቦርሳው ሲከፈት ውስጡ ዱላ ብቻ! ሕጉ ለአንድ ተጫዋች እስከ 14 ይፈቅዳልና አንድም ሳያጎድል አምጥቷል። አክስቴ ዱላዎቹን አንድ በአንድ ካየች በኋላ፣ "ልጄን እዚያ አገር ማን ቢያስቸግረው ነው?" ብላ እንባዋ መጣ።

አዲስ አበባ ቢሆን ጣጣ አልነበረውም። የጎልፍ ክለብ አለ፤ የእንግሊዝ ኤምባሲም ግቢው ውስጥ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ አለው። እሱ ግን ሸለቆውን ቁልቁል እያየ፣ "ሰው እኮ ሐሩር አገር፣ ጫካ መሀል ለመጫወት ስንት ብር ከፍሎ ነው የሚሄደው! ይኼ በነፃ ተቀምጦ?" አለ። እኔን ቦርሳ ተሸካሚ አድርጎ ሾመኝ። ሹመቱ ደመወዝ የለውም።

ከአስፋልቱ በላይ ካለው ሜዳ ላይ ቆመን ሳንጨርስ የመንደሩ ሕፃናት ከበቡን፤ ከኋላቸው ምርኩዛቸውን ይዘው አንድ ሼህ መጡ።

"ይኼ የገና ጨዋታ አይደለም እንዴ? እኛም ከክርስቲያን ጎረቤት ልጆች ጋር ስንጋጭበት ነው ያደግነው" አሉ ቆልማማውን ዱላ እያዩ። "ተጋጣሚህ የታለ?"

"ተጋጣሚ የለውም፣ አባባ። ከራሴ ጋር ነው የምጫወተው።"

"ስትሸነፍ ታዲያ ማን ላይ ትስቃለህ?"

የዚህን ጥያቄ መልስ ለአክስቴ ልጅ ያስተማረው አሠልጣኝ አልነበረም። ዝም ብሎ መታ። ኳሷ ድንጋይ ነጥራ፣ አስፋልቱ ላይ አንዴ ዘላ፣ ወደ ጂቡቲ ጭነት ሊያነሳ ባዶውን በሚወርድ ተሳቢ ላይ ወጣችና በዚያው ወደ ባቲ ነጎደች። እ.ኤ.አ. በ1971 ጠፈርተኛው አለን ሼፐርድ ጨረቃ ላይ ኳስ መትቶ "ማይል በማይል ሄደች" ብሎ ነበር፤ ኋላ በፎቶ ሲለካ የተሻለችው ምት 37 ሜትር ገደማ ሆና ተገኘች። የእኛዋ መንገድ ላይ ካልወረደች ከባቲ ወዲያ ያለችውን ሚሌን አልፋለች። የዓለምን ክብረ ወሰን ለማስመዝገብ ግን የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ያስፈልግ ነበር።

ሁለተኛዋ ኳስ አንድ ግቢ አጠገብ አረፈች። ሕጉ ተራህ ሲደርስ በ40 ሰከንድ ውስጥ ብትመታ ይመርጣል። የግቢው እመቤት ግን ረከቦቱን ዘርግተው ነበር። "ኧረ ግቡ! ቡና ሲፈላ በደጅ ታልፋላችሁ?" አሉ። እንግዲህ ወሎ ውስጥ አቦልን ጠጥቶ ቶናን የሚተው፣ ቶናን ጠጥቶ በረካን የሚረግጥ ማን ነው? ወጥተን ስናይ ኳሷ ከነበረችበት ቦታ የለችም። ሕፃናቱ ለእንግዳው አዝነው ለጉድጓድ ወደ መረጠው ቦታ አቅርበውለታል።

ያኔ ገባኝ። የጎልፍ ሜዳን አስቸጋሪ የሚያደርገው አሸዋው፣ ውሃው ወይም ጫካው ነው ይላሉ። ለደጋን ግን ያ ሁሉ ትንሽ ነው፤ ትልቁ መሰናክል ብቻህን የሚተውህ ሰው አለመኖሩ ነው። ጨዋታው ዝምታ ይፈልጋል፤ እዚህ ደግሞ አንድ ሰው ዝም ብሎ ከቆመ ታሟል ተብሎ ይጠየቃል። ሊመታ ጎንበስ ባለ ቁጥር ከኋላ "ቢስሚላህ በል!" የሚለው አለ፣ "ወገብህን ፈታ!" የሚለው አለ፣ "እስቲ እኔ ልሞክር" የሚለውማ ሰልፍ ይዟል።

ሦስተኛዋ ኳስ በቀጥታ ማሽላው ውስጥ ገባች። የጠፋች ኳስ የምትፈለገው 3 ደቂቃ ብቻ ነው። 3 ደቂቃ ማሽላ ውስጥ ለመግባት እንኳ አይበቃም። የእርሻው ባለቤት ከመሀል ሲወጡ እያየሁ ለይቅርታ ስዘጋጅ፣ ሰውዬው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

"ተነሳ! ወፉ እኮ ሙልጭ ብሎ ተነሳ! ድገመው፣ ልጄ፣ በአላህ ድገመው!"

ድጋሚ መታ፤ ወፉ ድጋሚ ተነሳ። ማማ ላይ ያለው ልጅ በምቀኝነት ወንጭፉን አዙሮ ለቀቀና ሩቅ ያለች የደረቀች ግራር ግንድ ላይ በድንጋይ "ጧ!" አደረገ። የአክስቴ ልጅ ያቺኑ ግራር በ14ቱም ዱላ ሞከራት። ግራሯ አሁንም በሰላም አለች። ወፉ ግን አልቆየም፤ ከእርሻው ወደ እርሻው እየሸሸ በየደረሰበት ኳስ ጠበቀው። ጎረቤቶች "ነገ ወደ እኛ ዙር" እያሉ ቀጠሮ ያዙ። ሼሁም ከጥላ ሥር ሆነው፣ "በል እንግዲህ፣ ተጋጣሚ አገኘህ" አሉት።

ማታ ባለእርሻው የማሽላ እሸት በእቅፍ አመጡለት። "የድካምህ ናት" አሉ። አክስቴ ፍም ላይ ጠብሳ አቀረበችለት፤ እሱም ፍሬውን በመዳፉ እያሸ፣ እያነፈሰ እስኪጠግብ በላ። በጎልፍ ዓለም እየተከፈለው የሚጫወት ሰው ፕሮፌሽናል ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ስንት ዓመት ከኪሱ እየከፈለ ያልደረሰበትን ማዕረግ ደጋን በአንድ ቀን ሰጠችው። እኔ ቦርሳ ተሸካሚው ግን የደረሰችኝ አንዲት ዘለላ ናት፤ እሷንም ወፍ ቀምሷታል።