ከጃፓን ለቤተ ዘመድ፦ ስለ አሳማው ሾርባ

ቶንጂሩ ጃፓኖች በብርድ ወራት የሚያዘወትሩት፣ ከአሳማ ሥጋና ከአትክልት በሚሶ የሚሠራ ሾርባ ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድ እዚህ ላይ ቢያማትብ አይፈረድበትም፤ ደብዳቤውን አንብቦ ሳይጨርስ ለንስሐ አባት ባይወስደው ግን መልካም ነው። ጃፓኖችም ራሳቸው በቡድሃ እምነት ምክንያት ለብዙ መቶ ዓመታት ከሥጋ ሲርቁ ኖረዋል። ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ የበሬ ሥጋ መብላታቸው በይፋ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው።

የሾርባው ጉልበት ሚሶው ነው። አኩሪ አተር ተቀቅሎ ይደቆሳል፤ ጨውና ኮጂ ይገባበትና ለወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ይብላላል። ኮጂ ሆን ተብሎ ሻጋታ የበቀለበት ሩዝ ወይም ገብስ ነው። የሻገተ እንጀራ በሚጣልበት ቤት ያደገ ሰው ይህን እስኪቀበል ትንሽ ይቸገራል። ነጩ ሚሶ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ሲሆን፣ ቀዩ ብዙ የቆየና ጨው የበዛበት ነው።

ለአራት ሰው 150 ግራም ያህል በስሱ የተቆረጠ የአሳማ ሆድ ሥጋ፣ አንድ ካሮት፣ ቁራጭ ነጭ ፍጁል፣ ጥቂት ጎደሬና ባሮ ሽንኩርት ይበቃል። ጎደሬ ከጠፋ ድንች ይተካዋል። ጎቦ የሚባለው ቀጭን ረጅም ሥር እንደ እርሳስ እየተቀረጸ ይጨመራል። ኮንያኩ የሚሉት ግራጫ ተንቀጥቃጭ ነገርም አለ፤ ጣዕምም ጉልበትም የለውም፣ ለምን እንደሚበላ የሚያውቁት ጃፓኖች ናቸው።

ሥጋው በጥቂት የሰሊጥ ዘይት ጠበስ ይደረጋል፤ ከሽንኩርቱ በቀር አትክልቱ ተጨምሮ ይታመሳል፤ ከዚያ 800 ሚሊ ሊትር ውሃ ይፈስበታል። ሲፈላ አረፋው ይገፈፋል፤ ሥራሥሩ እስኪለሰልስ 15 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ጊዜ ያለው ሰው በውሃው ፋንታ ከደረቀ ዓሣና ከባሕር አረም የተዘጋጀ መረቅ ይጠቀማል፤ የቸኮለ ሰው ይተወዋል፣ አሳማው ራሱ መረቅ ነውና። ሽንኩርቱ መጨረሻ ላይ ይገባል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ሚሶ በጭልፋ ውስጥ እየሟሟ ይጨመራል። ሚሶ ከፈላ መዓዛው ይጠፋል። ወጥ ከማለዳ ካልተንተከተከ አልበሰለም ለሚሉ እናቶች ከአሳማው ይልቅ የሚከብደው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከላይ ሺቺሚ፣ ማለትም ሰባት ዓይነት ቅመም ይነሰነሳል፤ ሰባቱ ተባብረው አንዲት ቁንጥር ሚጥሚጣ አያህሉም።

ለጾመኛ መፍትሔ አለ። ኬንቺንጂሩ የሚባለው ሾርባ ሥራሥሩ ከቶንጂሩ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሥጋ ግን አይገባበትም፣ ቶፉ ይተካዋል፣ መረቁም ከባሕር አረምና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1253 ካማኩራ ከተማ ከተመሠረተው ከኬንቾጂ ገዳም እንደመጣ ይነገራል። መነኮሳቱ ዓሣ ይበላል አይበላም ብለው ሳይከራከሩ ከነሥጋው ትተውታል። በልማድ የሚቀመመው በአኩሪ አተር ሶስ ነው፤ ሚሶ የሚጨምሩም አሉ።

ጎደሬው፣ ካሮቱና ሽንኩርቱ እዚያው ገበያ ይገኛል። ሚሶው መንገደኛ ሲገኝ ይላካል፤ መንገደኛው ሲመለስ በርበሬ እንዲይዝ አደራ።