ለደምበጫ የወጣ የሞገድ ትንበያ

ደምበጫ ተቀምጦ ስለ ውቅያኖስ ሞገድ የሚያወራ ሰው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ አረቄው ገብቶበታል፣ ወይ አሜሪካ የእህት ልጅ አለው። እኔ ሁለተኛው ነኝ። አንደኛውም ነህ የሚሉኝ አሉ፤ የደምበጫ አረቄ ስሙ ከጎጃም አልፎ የተሰማ ስለሆነ ሙግት አልገጥማቸውም።

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። እዚያ ከሄደ በኋላ ሰርፊንግ የሚባል ነገር ለመደ። ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ሳንቃ ተሸክሞ ባሕር ይገባል። ሳንቃው ላይ በሆዱ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ማዕበል ሲመጣ ብድግ ብሎ ይቆምና እየተንሸራተተ ወደ ዳር ይመለሳል። ከዚያስ? ከዚያማ እንደገና ወደ ውስጥ ነው። ይህን ለእናቱ የማስረዳት ዕዳ የወደቀው እኔ ላይ ነበር። እህቴ ጠጅ የምታጠልል ይመስል ፊቷን ቋጥራ ሰማችኝና «ስንት ይከፍሉታል?» አለች። የሚከፍለው እሱ እንደሆነ፣ ሳንቃውንም ከደመወዙ እንደገዛው ነገርኳት። «ዋጋውን ወደ ብር መልስልኝ» አለች። መለስኩላት። ጥጃ ያስከተለች የወተት ላም ወጣው። ከዚያ ወዲህ ሳንቃውን «ላሟ» ነው የምትለው። «ዛሬስ ላሟን ይዞ ባሕር ገባ?» ትለኛለች፣ ልክ ሜዳ የተሠማራ ከብት እንደምትጠይቅ ሆና።

ልጁ የሚደውለው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ለእሱ ገና ሊነጋጋ ሲል ነው። እኛ ዝናቡን ሽሽት ወደ ቤት ስንገባ እሱ ማዕበል ፍለጋ ከቤት ይወጣል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራ ልትገባ ነው?»

«ከሥራ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ባሕር ልገባ ነው። ዛሬ ቆንጆ ነው፤ 1.2 ሜትር፣ 16 ሰከንድ፣ ከደቡብ። ነፋሱም ከየብስ ነው።»

እንግዲህ ይህ ነው ትንበያ ማለት። ልጁ ባሕሩን ገና በዓይኑ አላየውም፤ አልጋው ላይ ሆኖ ግን የማዕበሉን ቁመት፣ አመጣጥና አካሄድ ያውቃል። እኔ ጓሮዬ ያለው በቆሎ ላይ ዛሬ ይዘንብ እንደሆነ አላውቅም፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ።

ቀናሁ። ከቀናሁ ደግሞ ማጥናቴ አይቀርም፤ ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ቁመቱ ለማንም ግልጽ ይመስላል፤ ግን እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት የሁሉንም ሞገድ አማካይ አይደለም። ትንንሾቹን ሁለት ሦስተኛ ትተው የትልልቆቹን የአንድ ሦስተኛ አማካይ ነው የሚያወጡት። ይህ ስሌት ለተማሪ ሰርተፍኬት ቢፈቀድ ኖሮ በሐምሌ ስንት ቤት ሰላም ውሎ ያድር ነበር። ሰከንዱ ግን ዋናው ነው። አንድ ሞገድ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። 6 ወይም 7 ሰከንድ ከሆነ እዚያው አካባቢ ያለ ነፋስ የቀሰቀሰው ትርምስ ነው፤ ልጁ ተመልሶ ይተኛል። 16 ከሆነ ከሩቅ የመጣ፣ የተደረደረ፣ ጉልበቱን ወደ ጥልቁ ይዞ የሚሄድ ሞገድ ነው። የጠዋቱ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ደግሞ የሞገዱን ፊት ደግፎ ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርገዋል። ጎህ ሲቀድ የሚነሡት ለዚህ ነው።

ከሩቅ ስል የምር ከሩቅ ነው። በእኛ ክረምት ማሊቡ የተባለው የሎስ አንጀለስ ዳርቻ የሚደርሰው የደቡብ ሞገድ ከኒውዚላንድ በታች ባለው ባሕር ላይ የተነሣ የማዕበል ነፋስ ልጅ ነው። ከገበያ አብረው ከተነሡ ሰዎች ባለ ረጅም ቅልጥሙ ቀድሞ ሰፈር እንደሚገባ፣ ሰከንዱ የረዘመው ሞገድም ሌሎቹን ጥሎ ይመጣል። ባለ 20 ሰከንዱ ጉልበቱን በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። መንገዱ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን አንድ ሳምንት ከጥቂት ሰዓት ይፈጅበታል። ዋልተር መንክ የሚባል የባሕር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ በተዘረጉ ጣቢያዎች ላይ ሰው አስቀምጦ ይህንን ጉዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቶታል።

ለእህቴ ይህንኑ ነገርኳት። «ሳምንት ሙሉ ተጉዞ ከመጣ ዳር ሲደርስ መውደቁ ምኑ ይደንቃል? ደክሞት ነው» አለች። መንክ እንኳ እንዲህ አሳጥሮ አልተናገረውም።

ይኸው መንክ ወጣት ሳለ ሃራልድ ስቨርድሩፕ ከሚባል ኖርዌያዊ መምህሩ ጋር ሆኖ የሞገድ ትንበያን ዘዴ ያወጣው ለጨዋታ አልነበረም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ወታደር ከጀልባ ወደ ዳር ሲወርድ ማዕበል እንዳይገለብጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ወደ ኖርማንዲ የተደረገው ዘመቻ ሰኔ 5 ተቆርጦለት ሳለ በአየሩ ክፋት በአንድ ቀን የተገፋውም ትንበያ ተሰምቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰርፍላይን የሚባል አገልግሎት ተከፈተና ሰው በስልክ ደውሎ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ «ነገ ማዕበሉ እንዴት ነው?» ማለት ጀመረ። ጄኔራሎች ይፈሩት የነበረውን ማዕበል ጎረምሶች ከፍለው የሚጠይቁት ሆነ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ደምበጫ ከባሕር በአየር መስመር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታችን 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ የሚለካውም ከዚያው ከሌለን ባሕር ጠለል ተነሥቶ ነው። ግን ባሕር የለንም የሚለው ነገር አይዋጥልኝም። ባሕሩ እኮ በየዓመቱ ራሱ ይመጣል። የክረምታችን ዝናብ እርጥበቱን የሚሸከመው ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ በሰሜን በኩልም ከቀይ ባሕር ነው። የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎቻችን ክረምቱን ሲተነብዩ አንዱ ዓይናቸው ከማዳጋስካር ወዲያ ባለው የማስካሪን ከፍተኛ የአየር ግፊት፣ ሌላው በደቡብ አትላንቲክ ባለው የሴንት ሄሌና ግፊት ላይ ነው። ሴንት ሄሌና ናፖሊዮን በግዞት የሞተባት ደሴት ናት። ሰውዬው አውሮፓን አምሶ አልበቃውም፤ የግዞቱ ሰፈር አየር እስከ ዛሬ በጎጃም እርሻ ይገባል።

የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ ከቆመ ወዲህ ዓመቱን በበጋ፣ በበልግና በክረምት ከፍሎ ይተነብያል። ቋንቋው ሦስት ነው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። አንድ ቀን በሬዲዮ «ምዕራብ አማራ መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ያገኛል» ሲባል ጎረቤቴ ሽማግሌው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ «ማሳዬ መደበኛው ውስጥ ናት ወይስ በላዩ ውስጥ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ጎጃም ውስጥ ዝናብ አንዱን ማሳ አርሶ ድንበሩ ላይ የሚቆምበት ቀን አለ። ሽማግሌው ከማሳቸው ወዲያ ያለውን አያርሱም፤ ትንበያው ደግሞ ከዞን ወዲህ አይወርድም።

መጀመሪያ ላይ ይህ የባለሙያ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ነገሩን ሳብሰለስለው ግን ፍርዴን አነሣሁ። የእህቴ ልጅ ሞገድ ከሳምንት በፊት ተነሥቶ መንገድ ላይ ነው፤ ትንበያው የሚሠራው የተነሣ እንግዳ መቼ እንደሚደርስ መቁጠር ነው። የዛሬ 9 ሰዓቱ የደምበጫ ነጎድጓድ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ገና አልተወለደም። ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ እርጥቡ አየር በጮቄ ተራራ ወገብ ሽቅብ ይወጣል፣ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል፤ የትኛው ጉብታ ላይ እንደሚፈርስ የሚወሰነው በዚያው ሰዓት ነው። ያልተፀነሰን ልጅ ስም አውጡ ተብለው እኮ ነው ባለሙያዎቹ የሚወቀሱት።

አንዳንዴ ደግሞ የልጁ ባሕርና የእኛ ሰማይ በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ወገቡ አካባቢ ሲሞቅ ኤል ኒኞ ይሉታል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት እንዲያ ሆነ። የእኛ ምዕራብ ጎጃም በአንጻሩ ተረፈ እንጂ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ዝናቡ ቀረ፤ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ርዳታ ያሻዋል ተባለ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሃዋይ ውስጥ ዋይሚያ በምትባል የባሕር ወሽመጥ፣ ማዕበሉ በቂ ግዙፍ ካልሆነ የማይካሄደው የኤዲ አይካው የሰርፊንግ ውድድር ከስድስት ዓመት በኋላ ተካሄደ። የእህቴ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ ታሪካዊ ዓመት ነው!» አለኝ። «አዎ ልጄ፣ እኛም ጋ» አልኩት። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

ለማንኛውም ደምበጫ ከማሊቡ የምታንስበት ምክንያት ስለሌለ ለነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት የሚከተለውን ትንበያ አውጥቻለሁ።

በአስፋልቱ ዳር ቦይ፦ የሞገድ ቁመት እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ተሳቢ ሲያልፍ እስከ ጉልበት። የሞገዱ መነሻ ከቡሬ በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና። አቅጣጫው ሁልጊዜ ወደ ነጭ ነጠላ። ባጃጆች ከ8 ሰዓት በኋላ ሳንቃ ተደርገው ይቆጠራሉ። በተምጫ ወንዝ፦ ሙላቱ ከጮቄ ስለሚነሣ ደምበጫ ፀሐይ ቢሆንም አይታመንም፤ ድልድዩ ላይ ሆኖ ማየት በነጻ ነው። ተምጫ የሚወስደው ውሃ ዓባይ ይገባና ጉባ ላይ ንጋት ሐይቅ ደርሶ ያርፋል። በፍኖተ ሰላም፦ ተመሳሳይ፣ ማንጎ ሻጮች ሸራቸውን ይያዙ። ልዩ ማስታወቂያ፦ ጳጉሜን 3 ቀን፣ ሩፋኤል፣ የትኛውም መጠን ዝናብ ቢጥል ሕፃናት ልብሳቸውን ጥለው ይወጣሉ። ዝናቡ ጠበል ነው፤ ሳንቃ አያስፈልግም፣ ጉንፋኑም አይቆጠርም።

አንድ ነገር ቀረ፤ የባሕሩ መሙላትና መጉደል። እነሱ ጋ ጨረቃና ፀሐይ ውሃውን ይስቡታል፤ ሰዓቱም ለዓመት አስቀድሞ ተሰልቶ ይታተማል። እኛ ጋ ቧንቧ አለ። መቼ እንደሚሞላ በጨረቃ አይታወቅም፣ በማስታወቂያም አይታወቅም፤ እህቴ ግን ታውቃለች። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ያፏጫል፣ ከዚያ ጭቃማ ጠብታ ይተፋል። ከሳሉ እስከ ፉጨቱ ያለው ጊዜ ካጠረ ውሃው ጠንካራ ነው፣ ሰባቱም ጀሪካን ይሞላል። ከረዘመ ሁለት ሞልቶ ይሄዳል፣ እሷም ተመልሳ ትተኛለች። ይህን ለልጁ በስልክ ስትነግረው ዝም ብሎ ሰማትና «እማዬ፣ አንቺ እኮ ሰከንድ ነው የምትቆጥሪው!» አለ። ውሃ ጥበቃ ሌሊት መነሣቱን ከማን እንደወሰደው ያን ጊዜ ገባኝ። እሷ ግን አልተቀበለችም። «እኔ ይዤው እገባለሁ፣ አንተ ይዞህ ይመለሳል» አለችው።

ዘንድሮ መንገዱ ከተመቸ ለገና እመጣለሁ ብሏል። ሳንቃውን ይዞ ጣና ላይ መሞከር አሰበ። እውነቱን ነገርኩት። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም እንደ ውቅያኖስ ሺህ ኪሎ ሜትሮች የሚያንደረድር ሜዳ የለውም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይናወጣል፤ ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ጀልባዎች ጠዋት የሚቀድሙትም ለዚህ ነው። ሞገዱ ግን አጭርና ጥድፈኛ ነው፤ የደንገል ታንኳ ለሚቀዝፍ ሰው ጣጣ፣ ለሳንቃ ደግሞ ምንም። ልጁ አዘነ። «እንግዲያው ሳንቃውን እዚሁ ልተወው» አለ።

እህቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ለገና ነው የምትመጣው? በርበሬ የሚሰጣበት ጊዜ ነው። ላሟን እንዳትተዋት! ወርዷ ስንት ክንድ ነው?»