ስንት ቀንድ አለው?

መተማ ዮሐንስ ላይ ራውተር ሲገዛ ያየ፣ በሬ የሚገዛ ይመስለዋል። ገዢው ዕቃውን ያገላብጣል፣ ክብደቱን በእጁ ይለካል፣ ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ያመጣል፦ «ስንት ቀንድ አለው?» ሻጩም የሰው ልብ ያውቃልና ባለ ሁለት አንቴናውን ወደ ጓዳ ገፋ አድርጎ ባለ ስድስቱን ያወጣል። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ድንበር ማዶ ገላባት ድረስ ይመታል!» ጋሼም ገላባት ማን እንደሚጠብቃቸው ሳይጠይቁ ይከፍላሉ። ሱቃቸው ውስጥ ያለው ሁለት ስልክና አንድ ፕሪንተር ነው።

ሱቅ ሲደርስ ይሰካል፤ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። ለካ የተገዛው ሲም የማይጎርስ፣ ከውጭ መስመር የሚጠብቅ ዓይነት ኖሯል! ራውተር የመጣለትን ያካፍላል እንጂ ኢንተርኔት ከሆዱ አያወጣም። መስመር ያልተዘረጋለት ሱቅ ሲም ማስገቢያ ያለው ፎርጂ ራውተር ነው የሚያሻው። ይህን ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር፤ እኛ ግን ደቂቃዋን በዋጋ ክርክር ጨረስናት። መቶ ብር አስቀንሰን፣ የማይሆነንን ዕቃ ታቅፈን፣ ደስ ብሎን ገባን።

የካርቶኑን ጀርባ የሚያነብ ቢገኝ ደግሞ፣ አብዛኛው የቤት ራውተር ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት እንዲሠራ መመረቱን ያያል። 0 የምትለዋን ለደባርቅ ሰዎች እንተውላቸው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የእኛ ሙቀት 40ን ሲያልፍ ሰው አንገረብ አልጋውን ተሸክሞ ደጅ ይወጣል። ራውተሩ ግን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ አቧራ እንዳይነካው ዳንቴል ለብሶ ይቀራል። መተንፈሻው በክር ተደፍኖ ይግላል፣ ይግላል፣ ከዚያ ጸጥ። «ኔትወርክ ሄደ!» እንላለን። የትም አልሄደም፤ ራሱን ስቶ ነው።

የዋይፋዩን ስም ስንመርጥም ያው ነን። ብዙው ራውተር ሁለት ስም ያወጣል፤ አንዱ ጭራው ላይ 5 አለበት። ሁላችንም የምንሻማው 5ቱን ነው፤ ቁጥሩ ይበልጣላ! 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል፤ 2.4ቱ ዘገም ብሎ ራቅ ያለ ቦታ ይደርሳል። የቆርቆሮ ግድግዳማ ሁለቱንም ይመልሳቸዋል። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ የሰሊጥ ሒሳቡን በስልክ የሚጠብቅ ነጋዴ፣ ራውተሩን ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ቆልፎ እሱ ደጅ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዘረጋል። ለጸሎት የቆመ መስሏቸው «አሜን» ያሉ እናት አሉ።

ፓስወርዱ ነው ጉዱ። ጠዋት ለአንድ ደንበኛ በጆሮው የተነገረ፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ መንደሩን ያዳርሳል። ባለቤቱ ጋ ደውሎ «ዋይፋያችን ዛሬ ምን ነካው?» የሚል ጎረቤትም አለ (ስሜን አትጥሩ)። ብዙ ራውተር ለእንግዳ የተለየ ዋይፋይ፣ የተለየ ፓስወርድ መክፈት ይችላል። ማን ይከፍታል! የራውተሩ መቆጣጠሪያ ፓስወርድ እንኳ ከፋብሪካ እንደመጣ «አድሚን» ነው። የሱቁ ሒሳብ በሚሠራበት መስመር ሰፈሩ በሙሉ ፊልም ያወርዳል።

እናንተ ባለ ሱቆች፣ ሲም የሚጎርስ፣ ባለ ሁለት አንቴና፣ መብራት ሲጠፋ ከትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ጋር የሚስማማ ራውተር ይበቃችኋል። ዳንቴሉን አውልቁለት። የእንግዳውን ዋይፋይ የከፈታችሁ ቀን ደግሞ፣ አደራ፣ ፓስወርዱን ለእኔም ሹክ በሉኝ።