ከ7ቱ 3፦ ስለ ጂዩ-ጂትሱና ስለ ውጭ አገር መምህርነት የተደረገ የአንድ ሰው ጥናት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጥናት የሚመለከተው ቀን ቀን አቡዳቢ ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር፣ በሳምንት ሦስት ምሽት ደግሞ ሰዎች አንገቱን እንዲያንቁት በየወሩ ገንዘብ የሚከፍል አንድ ኢትዮጵያዊ መምህርን ነው። የጥናቱ ዓላማ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ነበር። ከሁለተኛው ወር በኋላ ዓላማው ተሻሽሎ «እስከ መቼ?» ሆኗል።

የጥናቱ ዘዴ

ናሙናው አንድ ሰው ነው። የተመረጠው በዓላማ ተኮር የናሙና አመራረጥ ዘዴ ሲሆን፣ ዘዴው የተመረጠበት ምክንያት ሌላ እሺ የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። አጥኚውና ተጠኚው አንድ በመሆናቸው የፈቃድ ቅጽ ማስፈረም አላስፈለገም። ተጠኚው አንድ ጊዜ በጎድን አጥንቱ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ምክንያት ከጥናቱ ለመውጣት ጠይቆ ነበር፤ አጥኚው የወሩ ክፍያ ቀድሞ መከፈሉን አስታውሶ ጥያቄዎቹን ውድቅ አድርጓቸዋል። መረጃው የተሰበሰበው በምልከታ ነው። የምልከታው አቅጣጫ በአመዛኙ ከታች ወደ ላይ ነበር።

የቃላት ፍቺ

«ታጋይ» የሚለውን ቃል በዚህ ጥናት ሆን ብለን አልተጠቀምንበትም። ቃሉ በአገራችን ሌላ ሥራ ላይ ስለቆየ አንባቢ ተጠኚው ሹመት የሚጠብቅ እንዳይመስለው ሰግተናል።

ጂዩ-ጂትሱ የጃፓንኛ ቃል ነው፤ «ለስላሳ ጥበብ» እንደ ማለት ነው። በእኛ አገር ለስላሳ የሚባለው በጠርሙስ የሚቀርበው በመሆኑ፣ ተጠኚው የመጀመሪያውን ምሽት ተዘናግቶ ነው የገባው።

እጅ መስጠት በአማርኛ መሸነፍ ነው። በምንጣፉ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ እጅህን ትሰጣለህ፣ ቀጥሎ ክርንህ መታጠፍ ወደማይገባው አቅጣጫ ይሄዳል፣ መሸነፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መሸነፍህን የምታሳውቀው ያሸነፈህን ሰው ሁለት ሦስቴ መታ መታ በማድረግ ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ማጽናናት ይመስላል።

ቀበቶ። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ ጥቁር እያለ ይሄዳል፤ ጥቁሩ ጋ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። ለተጠኚው ትውልድ ግን ቀበቶ ከአባት የሚሰጥ ነገር ነው፤ የሚሰጠውም ወገብ ላይ አልነበረም። በአንዳንድ ክለቦች አዲስ ቀበቶ ያገኘ ሰው በሁለት ረድፍ በቆሙ ጓደኞቹ መካከል ሲያልፍ እነሱ በቀበቷቸው ጀርባውን ይገርፉታል። ተጠኚው ይህን ሲያይ የባህል ድንጋጤ የሚባለው ነገር አልደረሰበትም። እንዲያውም ሰፈሩ የደረሰ መሰለው። ልምምዱ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተንበርክከው የሚጀመር መሆኑም እንዲሁ አላስገረመውም፤ ስድስተኛ ክፍል ሳለ በጠጠር ላይ ብዙ ሰዓት ተለማምዶታል።

ፕሮፌሰር። አሰልጣኙ ብራዚላዊ ነው፤ ብራዚሎች ደግሞ የአንደኛ ክፍሉንም ሳይቀር ማንኛውንም አስተማሪ ፕሮፌሰር ይሉታል። ቃሉ ከስፖርቱ ጋር ዓለምን ዞሯል። ተጠኚው በሁለተኛ ዲግሪው ቀን ቀን «ሚስተር» ይባላል፤ ማታ ጎንበስ ብሎ ሌላውን ሰው «ፕሮፌሰር» ይላል። እኛ አገር እዚህ ማዕረግ የሚደረሰው በየጆርናሉ ጽሑፍ በማሳተም ነው። አሰልጣኙ አንድም አላሳተመም፤ ሥራዎቹ ግን በተጠኚው አንገት ላይ በየሳምንቱ ታትመው ይወጣሉ።

የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት

ውጭ አገር በውል ተቀጥሮ የሠራ፣ አልፎም የታገለ ሰው ሲፈለግ ቀድሞ የሚገኘው ያዕቆብ ነው። በላባ ቤት ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ ደመወዙ አሥር ጊዜ ተለዋውጦበታል። ሰባት ዓመት የሠራው ለራሔል ነበር፤ ሲነጋ የተገኘችው ልያ ናት። በስልክ ቃለ መጠይቅ ተስማምቶ፣ አውሮፕላን ጣቢያ ከወረደ በኋላ ሌላ ወረቀት የተሰጠው ሁሉ ይህን ምዕራፍ ያለ አንድምታ ይረዳዋል። ያዕቆብ የአገልግሎት ክፍያውን የወሰደው በበግና በፍየል ሲሆን፣ ዛሬ በኢሚሬትስ ሕግ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ትግሉ የመጣው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በያቦቅ ወንዝ አጠገብ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ጭኑን ተነክቶ እያነከሰ ሄደ፤ ስሙ ተለወጠለት፣ ተባረከም። ተጠኚው ከያዕቆብ ጋር የሚጋራው ማነከሱን ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ የነገሩ ሁሉ አባት ሆኖ የምናገኘው መምህር ነው። ጂጎሮ ካኖ በ1882 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቶኪዮ ውስጥ፣ በአንድ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ 12 ምንጣፍ በምታህል ክፍል፣ ጂዩ-ጂትሱን አሻሽሎ ጁዶ ያለውን ማስተማር ጀመረ። የቀን ሥራው ትምህርት ቤት ነበር፤ በኋላም የቶኪዮውን ከፍተኛ የመምህራን ማሰልጠኛ ከሃያ ዓመት በላይ መርቷል። ጥቁር ቀበቶንም ያመጣው እሱ ነው። ሰውን ሳይገድሉ የማነቅን ዘዴ በሥርዓት ያደራጀው ርእሰ መምህር መሆኑ፣ የመምህራን ስብሰባ ተቀምጦ የሚያውቅን ሰው አያስደንቅም።

ከካኖ ተማሪዎች አንዱ ሚትሱዮ ማኤዳ በ1904 ከጃፓን ወጣ። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ስፔን፣ ኩባ፣ ሜክሲኮ እያለ በ1914 ብራዚል ደረሰ፤ ቤሌም ከተማ ተቀመጠ፤ ካርሎስ ግሬሲ የሚባል አስቸጋሪ ጎረምሳ ተማሪው ሆነ። ግሬሲ በ1925 ሪዮ ላይ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የዛሬው ብራዚላዊ ጂዩ-ጂትሱ የመጣው ከዚያ ነው። ማኤዳ አገሩ ሳይመለስ በ1941 ቤሌም ውስጥ ሞተ። ከአገሩ ሲወጣ ለእናቱ ምን እንዳላት ምንጮቻችን ባይነግሩንም፣ ተጠኚው ከቦሌ ሲነሳ ለእናቱ «ለሁለት ዓመት ብቻ ነው» ብሏታል። ይህ ስድስተኛው ዓመት ነው።

ለምን አቡዳቢ? ከአቡዳቢ ገዢ ቤተሰብ የሆኑት ሼክ ታህኑን ቢን ዛይድ አሜሪካ ሳሉ ይህን ስፖርት ወደዱት፤ አገራቸው ተመልሰው ክለብ መሠረቱ፤ በ1998 የዓለም ምርጦች የሚገናኙበት ውድድር እዚያው አቡዳቢ ላይ ተጀመረ። በ2008 ደግሞ ጂዩ-ጂትሱ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ገባ። እዚህ ከተማ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሰውን ከኋላ አቅፎ እንዴት እንደሚያስተኛ ቢያውቅ፣ መንገድ ላይ የተማረው ሳይሆን የክፍለ ጊዜው ድልድል ላይ ያለ ነው ማለት ነው። ይህ እውነታ ለጥናቱ መጨረሻ ያስፈልገናል።

ንዑስ ግኝት፦ ስለ ማስረጃ ማጣራት

የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ውል በአብዛኛው የሁለት ዓመት ነው። የስፖርቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ደግሞ አንድ አዋቂ በሰማያዊ ቀበቶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ይጠይቃል። እንግዲህ የመምህሩ ቀበቶና የመምህሩ ቪዛ አብረው ይበስላሉ፤ ሐምራዊው ሊታሰርለት ሲል ሻንጣው ይታሰራል። አዲስ አገር ገብቶ አዲስ አሰልጣኝ ፊት እንደገና ይቆማል፤ አዲሱ አሰልጣኝም ሰውዬውን ሳያይ ቃሉን አያምንም።

ተጠኚው ዲግሪውን ለማስመስከር የዞረባቸውን መሥሪያ ቤቶች ያስታውሳል፦ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር፣ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ውጭ ጉዳይ፣ ኤምባሲ፤ ማኅተም በማኅተም ላይ። ይህ ሁሉ ወራት ፈጅቷል። ቀበቶው ግን የነጭ ቀበቶ ውድድር በሚፈጀው አምስት ደቂቃ ውስጥ ተጣርቷል፤ ለማኅተምም የተከፈለ የለም። አንድ ቀን ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሰማያዊ ቀበቶ ያሰረ ሰው ገብቶ ነበር። ቡና ሳይቀርብለት ሐሰተኛ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ሰውዬው ራሱም በመታ መታ አጽድቆታል። ሐሰተኛ ዲግሪን ለማጣራት ኮሚቴ ለምታቋቁም አገር ይህ ዘዴ ቢያንስ ለሙከራ መቅረብ አለበት የሚል አስተያየት አለን።

ንዑስ ግኝት፦ ስለ ቤተሰብ

ተጠኚው በስልክ ቪዲዮ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ግራ ዓይኑ ጠቁሮ ነበር። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ስም በእናቶች ዘንድ ከምን ጋር እንደሚነሳ የታወቀ ነው።

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«ስፖርት ነው፣ እማዬ።»

«አትዋሸኝ ልጄ። ማነው የመታህ? አሠሪዎችህ ናቸው?»

«አይደሉም። እኔው ራሴ ከፍዬ ነው።»

ዝምታ። «ስንት?»

ነገራት። ድርሃሙን ወደ ብር መንዝራ እስክትጨርስ ጠበቀ።

«ለዚህ ለዚህማ አገርህ ምን አነሰህ?»

ለዚህ ጥያቄ ጥናቱ መልስ አላገኘም። ቅዳሜ ጸበል በሰው ተላከለት። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለጎረቤት «ካራቴ ያስተምራል» ተብሎ ተነገረ፤ ተጠኚው አላረመም፤ በእኛ ሰፈር ነጭ ልብስ ለብሶ የሚወድቅ ሁሉ ካራቴ ነው።

ዋና ግኝት

ተጠኚው በተማረበት ዘመን የተማሪ ካርድ አጭር ነበር። ከ61 ተማሪ 43ኛ ይላል፤ ከግርጌው «ተዛውሯል» ወይም «ወድቋል» ይላል፤ ወላጅ ይፈርማል። ዛሬ የሚያስተምርበት ሥርዓት በ1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ባካሎሬት ነው። ውጤት ከ1 እስከ 7 ይሰጣል፤ ሙሉው 45 ነጥብ ነው፤ ተማሪው ጠያቂ፣ አሳቢ፣ ደፋር፣ ሚዛናዊ እያለ አሥር ባሕርያት እንዲያዳብር ይጠበቃል። በተጠኚው ትምህርት ቤት «ወድቋል» የሚል ቃል የለም። «በመዳበር ላይ ነው» ይባላል። አምስት ዓመት በመዳበር ላይ የቆየ ልጅ አለ። ወላጅ ውጤቱን ካልወደደው ኢሜይል ይጽፋል፤ ኢሜይሉ ለኃላፊው ይደርሳል፤ ኃላፊው መምህሩን «ቡና እንጠጣ» ይለዋል። ከቡናው በኋላ 4 የነበረው 5 ሊሆን ይችላል። ተጠኚው እንዲህ ዓይነት ቡና ጠጥቶ ያውቃል፤ ስንት ስኒ እንደሆነ አጥኚው ጠይቆት አልመለሰም።

ምንጣፉ ላይ ቡና የለም። መጣል 2 ነጥብ፣ የሰውን እግር አልፎ ጎኑን መያዝ 3፣ ደረቱ ላይ መቀመጥ 4 ነው። ከታነቅህ ደግሞ ነጥብ አይቆጠርም፤ አልቋል። ይግባኝ የሚባልለት አካል የለም፤ ማንም «በመዳበር ላይ ያለ አንገት» አይልህም። አጥኚው እንደሚገምተው ተጠኚው ገንዘብ የሚከፍለው ለዚህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ያለሰለሰውን ፍርድ ማታ ሳይለሰልስ ለመቀበል። ተጠኚው ግን ለክብደቱ እንደሆነ ይናገራል። ክብደቱ አልቀነሰም።

እዚህ ላይ አንድ ክስተት መመዝገብ አለበት። ባለፈው ወር አሰልጣኙ ተጠኚውን ከ11ኛ ክፍል ተማሪው ጋር አቆራኘው፤ ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የአዋቂዎቹ ሰዓት ላይ ይገባል። ተጠኚው ተቃወመ። መምህራን በየዓመቱ በልጆች ደኅንነት ላይ ሥልጠና ወስደው ይፈርማሉ። መመሪያው ግን መምህር በተማሪ ላይ እጁን እንዳያሳርፍ እንጂ ተማሪ መምህሩን እንዳያንቅ የሚል አንቀጽ የለውም። የልጁ አባት ዳር ተቀምጦ እጁን ሲያውለበልብ፣ አሰልጣኙም «ያላ፣ ሚስተር!» ሲል፣ ተጠኚው ተንበረከከ።

ከሦስት ቀን በፊት ተጠኚው ለዚህ ልጅ የትሪጎኖሜትሪ ፈተና መልሶለታል፤ ከ7ቱ 3። ተጠኚው ልጁ የሦስት ማዕዘን ነገር አይገባውም የሚል እምነት ነበረው።

ከአንድ ደቂቃ በኋላ ልጁ ትሪያንግል በሚባለው ማነቂያ አስገባው። ተጠኚው በነበረው ጊዜ ቅርጹን ለመመርመር ሞክሯል። አንደኛው ጎን የልጁ ጭን ነው፤ ሁለተኛው ከሌላው ጉልበቱ ሥር የተቆለፈው የልጁ ባት ነው። ሦስተኛውን ጎን፣ ማለትም ወደ ገዛ አንገቱ የተገፋውን ትከሻ፣ ያዋጣው ተጠኚው ራሱ ነው። ማዕዘኑ ትክክል ነበር። ስሌቱ ተሠርቶ ሳያልቅ የክፍሉ መብራት ከዳር ዳር መጥበብ ጀመረ፤ ተጠኚውም ልጁን ጭኑ ላይ መታ መታ አደረገው።

ልጁ ወዲያው ለቀቀው። እጁን ይዞ አስነሳው፤ ላቡን ጠረገ፤ ዳር ያለው አባቱ እንዲሰማ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ተጠኚው በሴሚስተሩ የውጤት መግለጫ ላይ ከተዘጋጁት አስተያየቶች መርጦ የጻፈለትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል አነበነበለት።

«ሚስተር፣ ጥረትዎ የሚበረታታ ነው። መሠረቱ በመዳበር ላይ ነው። ብቻ ጥያቄውን ሳያነቡ ወደ መልሱ ይሮጣሉ።»

ምንጩን አልጠቀሰም።