አህያ ምን በደለች?

ሰው ተናዶ «አንተ አህያ!» ሲል በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ተሰዳቢው አያሳዝነኝም፤ የእጁን አግኝቶ ይሆናል። የእሷ ስም የሚነሣው ግን ምን አጥፍታ ነው?

ይህን ስል ልጆቼ «አባባ ደግሞ ጀመራቸው» ይላሉ። ይበሉ! እህል በረንዳ ወርደው ይዩ። መጫኛው ሆዷን ሸርክቷት፣ ጀርባዋ ተገጥቦ፣ ዝንብ ዓይኗ ላይ ሰፍሮ፣ በመኪና መሃል እየተሹለከለከች ጤፍ ታደርሳለች። ያንን ጤፍ የበላ አፍ ነው ዞሮ የሚሰድባት።

የተረትና ምሳሌው ግፍማ አያልቅም። ጊደር ብትባልግ ፈስ ያስተማረቻት አህያ ናት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የሰው ባል ስንቷን እንዳስጣለ እንጃ! እኛ ቤት ጅብ ሲጮህ ተነሥታ በር የምትቀረቅረው ባለቤቴ ነበረች። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች» ብለንም ስስታም አደረግናት። እህሉን ሁሉ ለእኛ ተሸክማ ሣር ብትመኝ ስስት ሆነ።

በአያቶቻችን ተረት አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ መዓት ወርዶባቸው ኃጢአታቸውን ሊናዘዙ ተቀመጡ። ሦስቱ የሰው ከብት መብላታቸውን ሲናገሩ «ታዲያ ይህ ምን ኃጢአት አለው?» ተባባሉ። አህያ ግን «ጌታዬ ወሬ ይዞ ሲቆም ከመንገድ ዳር ሣር ነጨሁ» ብትል፣ «ጉድ! መዓቱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ» ብለው ዘነጣጥለው በሏት። እኛም ተረቱን ሰምተን አዘንን፤ በማግስቱ ዱላችንን ይዘን ውኃ ልንጭንባት ነዳናት።

ቤተ ክርስቲያን ሳሚውም ከዚህ አይሻልም። ጌታን በግርግም በትንፋሿ ያሞቀች፣ በሆሳዕና የተሸከመች እሷ ናት፤ ምእመኑ ግን ዘንባባውን ጣቱ ላይ እንዳሰረ አጥር ሥር የቆመችውን «ሂጂ ወዲያ!» ይላል።

ቢሾፍቱ ላይ የቻይና ባለሀብቶች የአህያ ቄራ ከፍተው በ2009 ዓ.ም. ሕዝብ ጮኾበት ሲዘጋ እሰይ ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ ከጮኸው ሰው የሚበዛው ሥጋዋ ከገበታው እንዳይቀላቀልበት የፈራ ይመስለኛል። በየካቲት 2016 የአፍሪካ ኅብረት እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ለቆዳዋ ሲባል እንዳትታረድ ወሰነ። ደግ አደረገ። የዱላውን ነገርስ ማን ያንሣው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ የአውቶቡሱ ተረት ነው። ፍየል፣ ውሻና አህያ አብረው ተሳፈሩ። ፍየል ሳትከፍል ወርዳ ሮጠች፤ መኪና ባየች ቁጥር የምትበረግገው ለዚያ ነው። ውሻ መልሱን ተከልክሎ እስከ ዛሬ ሹፌር ያባርራል። አህያ ሒሳቧን አስተካክላ ከፍላለች፤ ስለዚህ መሃል አስፋልት ላይ ተዝናንታ ትቆማለች። ሹፌሩ ታዲያ ክላክሱን የሚያንባርቀው በማን ላይ ነው? በከፈለችው!