ያልተበደረ አይታመንም

የአሜሪካ ባንኮች ለአዲስ የክሬዲት ካርድ ደንበኛ ሊሚት፣ ማለትም የብድር ጣሪያ፣ የሚቆርጡት በዘፈቀደ ነው የሚሉ ሐሜተኞች አሉ። ሐሰት ነው። ባንኮቹ ሚዛን አላቸው፤ ፋይኮ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ነጥብ ከ300 ተነሥቶ 850 ላይ ያበቃል። ከዜሮ አለመጀመሩ በራሱ ቸርነት ነው፤ ዕዳውን ክዶ፣ ሰብሳቢ ተልኮበት፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤት ቀርቦ ከስሬያለሁ ያለ ሰው እንኳ 300 አያጣም። ምንም ነጥብ የማይሰጠው ከማንም ተበድሮ የማያውቅ ሰው ነው።

በዲቪ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባ አንድ መምህር አለ እንበል። አዲስ አበባ ሳለ የዕቁብ ዳኛ ነበር፤ ዕጣውን ቀድሞ ወስዶ የሚሰወር ዕቁብተኛ ሲያሳድድ እንጂ ራሱ ሲሳደድ ያየው የለም። አሁንም ሥራ አለው፣ ኪራዩን ሳያዛንፍ ይከፍላል። ካርድ ሲያመለክት የባንኩ ኮምፒዩተር የብድር ታሪክ መዝጋቢዎቹን፣ ኤክዊፋክስን፣ ኤክስፔሪያንን፣ ትራንስዩኒየንን ይጠይቃል፤ አናውቀውም ይላሉ። ኤክዊፋክስ እኮ በ2017 የ147 ሚሊዮን ያህል ሰው የግል መረጃ የተዘረፈበት ድርጅት ነው! ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያውቅ መዝገብ እሱን ካላወቀው፣ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው?

ቀመሩም አልተደበቀም። 35 በመቶው ብድርን በወቅቱ መክፈል፣ 30 በመቶው የዕዳው መጠን፣ 15 በመቶው የብድሩ ዕድሜ ነው፤ የቀረውን አዲስ ብድርና የብድር ዓይነት ይካፈሉታል። ስለ ቁጠባ የሚጠይቅ አንድም መደብ የለም፤ ገንዘብ ማስቀመጥ ደግሞ ምን ያስመሰግናል? ደመወዝም የለበትም። የ2009ኙ የክሬዲት ካርድ ሕግ የመክፈል አቅም ይታይ ስለሚል ደመወዙን ማመልከቻው ላይ ይጠይቁታል፤ የጻፈላቸውንም ቁጥር ብዙ ጊዜ ያለ ማስረጃ ይቀበላሉ። ቃሉን ያምኑታል እንግዲህ። ሰውዬውን ለማመን ግን ዕዳ ያስፈልጋል።

ቢሆንም ጨክነው አይጥሉትም። ሴኪዩርድ የሚባል ካርድ አለ፤ 200 ዶላር ያስይዛል፣ የ200 ዶላር ሊሚት ይሰጡታል። በጥንቱ የአገራችን ችሎት ዋስ ጥራ የተባለ ሰው ቢያንስ ሌላ ሰው ይጠራ ነበር። እዚህ ተበዳሪውም ዋሱም አንድ ናቸው፤ ሙሉውን በቀኑ ካልከፈለ ደግሞ በራሱ ገንዘብ መያዣነት በተበደረው ላይ ወለድ ይታሰብበታል። ወለዱ ለኪሳራ ስጋት ነው ይላሉ፤ መያዣውን ከጨበጡ በኋላ ስጋቱ የቱ ጋ ነው ብሎ መጠየቅ ነገረኝነት ነው።

ከዚያ የጨዋነት ትምህርት ይከተላል። ከሊሚትህ ከ30 በመቶ በላይ አትንካ ይሉታል መካሪዎቹ፤ 60 ዶላር መሆኑ ነው። አንድ እሑድ ቤተሰቡን ይዞ ክትፎ ቤት ከገባ ጨዋነቱ እዚያው ተበልቶ ያልቃል። የ10 ሺህ ዶላር ሊሚት ያለው ጎረቤቱ 2 ሺህ ዶላር ዕዳ ተሸክሞ ጥንቁቅ ሲባል፣ እሱ በ150 ዶላር አባካኝ ይሆናል።

ባንኮቹ ይህን ጥንቃቄ የተማሩት ወድቀው ተነሥተው ነው። በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሬዝኖ ለምትባል ከተማ ነዋሪዎች 60 ሺህ ያህል ካርድ ማንም ሳይጠይቀው በፖስታ በተነ። ክፍያቸው የሚዘገይ 4 በመቶ ይሆናሉ ብሎ ገምቶ ነበር፤ ካርዱ በመላ ካሊፎርኒያ ሲዳረስ 22 በመቶ ሆኑ። ያኔ ለማያውቁት ሁሉ ሰጡ፤ ዛሬ የማያውቁት መምህር ይካሳቸዋል።

ጥበባቸው ትዳር ውስጥም ይገባል። በ2019 ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን የተባለ የሶፍትዌር ሰው፣ ግብራችንን አብረን ነው የምናስታውቀው፣ ሆኖም አፕል ካርድ ለእኔ ከሚስቴ 20 እጥፍ ሊሚት ሰጠኝ ብሎ ጮኸ። ከአፕል መሥራቾች አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክም የእኔ ደግሞ ከባለቤቴ 10 እጥፍ ነው አለ። የኒውዮርክ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መርምሮ በ2021 ሕግ የተላለፈ መድልዎ አላገኘሁም አለ። እናም ሁሉም ሕጋዊ ነው፤ ይህ ከመድልዎ በላይ ያስገርማል። ከልካይ ባንክ ለምን እንደከለከለ እንዲናገር ሕግ ያስገድደዋል፤ 500 ሰጥቶ ለምን 5 ሺህ እንዳልሆነ ለሚጠይቀው ግን ስሌቱ የንግድ ምስጢር ነው።

መምህሩን ያዳነው እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር የአጎቱ ልጅ ነው። ይህ ሰው አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ዕዳውን ሲያንከባልል የኖረ፣ ዝቅተኛዋን ወርኃዊ ክፍያ ግን አንድም ቀን ያላሳለፈ፣ በባንኮቹ ዓይን ምርጥ ዜጋ ነው። በአሮጌ ካርዱ ላይ የመምህሩን ስም ኦቶራይዝድ ዩዘር፣ ማለትም የተፈቀደለት ተጠቃሚ፣ አድርጎ አስመዘገበ። የካርዱ ዕድሜ እንዳለ የመምህሩ መዝገብ ላይ ገባ፤ አገር ከረገጠ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው የአሥራ አምስት ዓመት ታማኝ ተበዳሪ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ባንክ 5 ሺህ ዶላር ፈቀደለት። ያስከበረው አሮጌ ካርድ ዛሬም በአጎቱ ልጅ ኪስ ውስጥ ነው፤ መምህሩ መልኩን እንኳ አያውቀውም።